«ጉንፋን ነው፣ ያልፋል» ለተባለው ምላሽ

በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ የሚዘዋወር አንድ ጽሑፍ አለ። ሦስት ሰዎች ላኩልኝ፤ አንዷ እናቴ ናት። «አንቺ የምትነግሪኝና ሰውየው የጻፉት አልገጠመልኝም» የሚል የድምፅ መልእክት አያይዛበታለች። ጥያቄዋ ተገቢ ነው፤ ስለዚህ በቅጡ ልመልስ።

የጽሑፉ ፍሬ ነገር ይህ ነው። የ2024–25ቱ (እ.ኤ.አ.) የፍሉ፣ ማለትም የኢንፍሉዌንዛ፣ ወቅት ያለ ልክ ተጋንኗል ይላል። በላቦራቶሪ የተረጋገጠው በሽተኛ ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው፤ ከፈረንጅ ገና በኋላ አሃዙ ወርዶ ነበር፤ የፍሉን ሥርጭት የሚያሳየው ካርታ ቀለም በየጎረቤት ግዛቱ የተለያየ ስለነበር ወረርሽኝ የሚባል ነገር የለም፤ የሟቾች ቁጥር ግምት ነው፣ እሱም በየጊዜው ይለዋወጣል፤ የሞቱትም ቢሆኑ ሌላ በሽታ የነበረባቸው ናቸው። ስለዚህ አረጋውያንን ማስደንገጥ ይቅር፣ ለገናና ለጥምቀት እንደ ልማዳችን እንሰብሰብ ብለው ጸሐፊው ይደመድማሉ።

እኔ ሜሪላንድ ውስጥ ባለ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ፣ እኛ ነርሲንግ ሆም በምንለው ቤት፣ ነርስ ነኝ። ኢንፌክሽን መከታተል የእኔ ድርሻ ነው። የአሜሪካ የበሽታ ቁጥጥርና መከላከል ማዕከል (ሲዲሲ) በየዓርቡ የሚያወጣውን የፍሉ ሪፖርት አነባለሁ፤ ከዚያ ተነሥቼ የራሴን ኮሪደር እዞራለሁ። ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። ጽሑፋቸው ክፋት የለበትም፣ ከጠቀሷቸው አሃዞችም አብዛኞቹ እውነተኛ ናቸው። ግን እያንዳንዱ አሃዝ ምን እንደሚለካ ሳይጠይቁ አልፈውታል፤ ስሕተቱ ሁሉ የሚመዘዘው ከዚያ ነው።

ከስሙ ልጀምር። «ጉንፋን በየዓመቱ አለ» ይላሉ። ቋንቋችን እዚህ ላይ ትንሽ ያሳስተናል። አቧራ ነክቶት የሚያስነጥሰውም፣ ብርድ መትቶት አፍንጫው የሚፈሰውም፣ በኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ተይዞ አልጋ ላይ የወደቀውም ሁሉም «ጉንፋን ያዘኝ» ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በማግስቱ ሥራ ይገባሉ። ሦስተኛው ጠዋት ደህና ወጥቶ ከሰዓት በኋላ በዱላ እንደተቀጠቀጠ ሰው ይሆናል፤ አጥንቱ ድረስ ያመዋል፣ ትኩሳቱ ያንቀጠቅጠዋል። አያቶቻችን ግን ይህን በሽታ ለይተው ያውቁት ነበር፤ የራሱን ስም ሰጥተውታል። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አዲስ አበባን ያመሰው፣ ራስ ተፈሪን ሳይቀር አልጋ ላይ ጥሎ በስንት ጸሎት የተነሡበት «የኅዳር በሽታ» ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ዛሬም ድረስ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን በየደጃፉ የምናጨሰው፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው፣ የዚያ ዓመት መታሰቢያ ነው። የየዓመቱ ፍሉ የዚያን ያህል ይገድላል እያልኩ አይደለም። ግን አንድ ሰው «ጉንፋን ነው» ብሎ ሲያልፈው የትኛውን ማለቱ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። እኔ ከዚህ በኋላ እዚህ በሥራ ቦታችን እንደምንጠራው «ፍሉ» እለዋለሁ።

ወደ ቁጥሩ ልሂድ። ጸሐፊው በላቦራቶሪ የተረጋገጡትን ለሕዝቡ ብዛት አካፍለው በጣም ትንሽ ክፍልፋይ አገኙ፤ «ይህ ነው እንግዲህ ወረርሽኙ» አሉ። ሒሳቡ ልክ ነው፤ የተቆጠረው ነገር ግን የበሽተኛው ብዛት አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር የኡበር ሹፌር ማክሰኞ ማታ ትኩሳት ቢጀምረው ምን ያደርጋል? ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት በማር አፍልቶ ይጠጣል፣ ሁለት ቀን ተሸፋፍኖ ይተኛል፣ ዓርብ መኪናውን ያስነሣል። የትም አልተመዘገበም። ኢንሹራንስ የሌለው ደግሞ ጭራሹን ሐኪም ቤት አይሄድም። ሐኪም ዘንድ ከሄዱትም ቢሆን ብዙዎቹን ሐኪሙ አይቶ፣ ምልክቱን ሰምቶ፣ ምርመራ ሳያዝ መድኃኒት ሰጥቶ ይሸኛቸዋል።

ይህን ከጸሐፊው በፊት የክትትል ሰዎቹ ያውቁታል። ለዚህም ነው ክብደቱን በተረጋገጡ ሰዎች ድምር የማይለኩት። የሚያዩባቸው መስኮቶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው በመላ አገሪቱ የተመረጡ ክሊኒኮችና የድንገተኛ ክፍሎች በየሳምንቱ ከሚያዩት በሽተኛ ውስጥ ስንቱ ከመቶ የፍሉ ዓይነት ምልክት ይዞ እንደመጣ የሚነግሩበት ነው፤ ምልክቱም ቢያንስ 37.8 ዲግሪ ሴልሺየስ ትኩሳት ሆኖ ከሳል ወይም ከጉሮሮ ሕመም ጋር ነው። ሁለተኛው የሆስፒታል መስኮት ነው። በ14 ግዛቶች ውስጥ፣ ሜሪላንድን ጨምሮ፣ ከአሜሪካ ሕዝብ 9 ከመቶ ያህሉ በሚኖርባቸው አውራጃዎች በፍሉ መያዙ በምርመራ ተረጋግጦ አልጋ የያዘ ሰው ሁሉ ይቆጠራል። ሦስተኛው የሞት ምስክር ወረቀት ነው። አገር ቤትም ቢሆን መንገዱ ያው ነው፤ ኢትዮጵያ ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የፍሉ ክትትል የምታካሂደው በተመረጡ ጤና ተቋማት ነው። መላውን ሕዝብ ቆጥሮ የሚጨርስ አገር የለም።

የሆስፒታሉ መስኮት በዚያ ወቅት ምን አሳየ? ከ100,000 ሰው 127.1ዱ በፍሉ ሆስፒታል ተኝቷል። ከ2010–11 ወዲህ እስከዚያ ድረስ እንዲህ ከፍ ብሎ አያውቅም ነበር። ይህ አሃዝ ሹፌሩ ቤቱ ተኛ፣ አልተኛ ብሎ አይለዋወጥም። ሆስፒታል አልጋ ላይ የሚያስተኛ ፍሉ ዝንጅብል ጠጥተው የሚያሳልፉት አይደለም።

እንዲያውም መስኮቶቹ ያሳንሳሉ እንጂ አያጋንኑም። አንድ ጠዋት ልንገራችሁ። ፌብሩዋሪ ነው፤ በኮሪደሩ መጨረሻ ክፍል ያሉ የ88 ዓመት እናት ኦትሚላቸውን አልነኩትም። ሁልጊዜ ጨርሰው ሳህኑን የሚገፉ ሰው ናቸው። እንደምን አደሩ ስላቸው በእህታቸው ስም ጠሩኝ። ትኩሳታቸውን ለካሁ፤ 36.9። ሳል የለም። ጉሮሮም አላመማቸውም። በክትትሉ ትርጉም መሠረት እኚህ ሴት የፍሉ ዓይነት ምልክት የለባቸውም፤ የትኛውም መቶኛ ውስጥ አይገቡም። የአፍንጫ ናሙና ወሰድኩ፤ ኢንፍሉዌንዛ ኤ። የገፉ አረጋውያን ሰውነት ትኩሳት ለማንሣት እንኳ አቅም ያጣል፤ በሽታው የሚታወቀው ምግብ በመተውና በመዘባረቅ ነው። ማታ ላይ አጠገባቸው ካለው ክፍል ሳል ተሰማ። በ72 ሰዓት ውስጥ ሁለት ሰው ከታመመና አንዱ በምርመራ ከተረጋገጠ እኛ ዘንድ ወረርሽኝ ይባላል። ለአውራጃው ጤና ቢሮ ተደወለ፤ ላልታመሙትም ጭምር ታሚፍሉ የሚባለው የፍሉ መድኃኒት ተጀመረ፤ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ ከመጨረሻው ታማሚ በኋላም ሰባት ቀን እስኪያልፍ ድረስ። እኔም ሉሁን ከፈትኩ፦ የክፍል ቁጥር፣ ምልክቱ የጀመረበት ቀን፣ ትኩሳት፣ ናሙና፣ ውጤት፣ ሆስፒታል፣ ሞት። ያን ሉህ የሞላ ሰው «ኢምንት» የሚለው ቃል አይዋጥለትም።

«ከገና በኋላ ወርዶ ነበር» የሚለው ነጥብ ላይ ጸሐፊው ያዩት መውረድ እውነት ነው። የሐኪም ቤት መቶኛው በዲሴምበር መጨረሻ ወጣ፣ በጃንዋሪ መጀመሪያ ወረደ። ጽሑፋቸው እዚያ ላይ ቆመ፤ ወቅቱ ግን አልቆመም። መቶኛው ተመልሶ ወጥቶ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2025 ባበቃው ሳምንት 7.8 ደረሰ፤ ለዚያ ወቅት እንደ መነሻ የተያዘው የአገር አቀፍ ደረጃ 3.0 ነበር። ከፍተኛው ጫፍ የመጣው ጸሐፊው «ወርዶ ነበር» ካሉት ከሳምንታት በኋላ ነው።

ደግሞስ ለምን ወረደ? መቶኛ ሁለት ነገር አለው፤ ከላይ የሚያካፍሉት ከታች የሚያካፍሉበት። በገና ሳምንት ለደም ግፊት ክትትል፣ ለዓመታዊ ምርመራ ሐኪም ዘንድ የሚሄድ ሰው የለም። ቢሮዎቹም ግማሹ ዝግ ናቸው። የሚሄደው በትኩሳት የሚንቀጠቀጠው ብቻ ነው። ስለዚህ አንድም ተጨማሪ ሰው ሳይታመም መቶኛው ይወጣል። በዓሉ አልፎ ቀጠሮ ያለው ሁሉ ሲመለስ መቶኛው ይወርዳል። ይህን የሚያውቅ ሰው በበዓል ሳምንት መውጣቱን አይቶ አይደነግጥም፣ ከበዓል በኋላ መውረዱን አይቶም አይደላደልም፤ የሚቀጥሉትን ሁለት ሦስት ሳምንታት ይጠብቃል።

ሌላው መዘግየቱ ነው። ሰው ይታመማል፤ ከቀናት በኋላ ሆስፒታል ይገባል፤ ከገባ በኋላ ሳምንት ሁለት ሳምንት ይታገላል፤ ቢሞት ወረቀቱ ተጽፎ፣ ተልኮ፣ ተመዝግቦ እስኪታይ ሌላ ጊዜ ይወስዳል። ክሊኒኩ ጸጥ ሲል ሆስፒታሉ ገና ይሞላል፤ ሆስፒታሉ ሲቀል የሞት ቁጥሩ ገና ይወጣል። የመጀመሪያውን መስኮት አይቶ ስለ ሦስተኛው መፍረድ ሠርገኛው ሳይመጣ ድንኳን እንደማፍረስ ነው።

ስለ ካርታው አጭር መልስ ይበቃል። ጸሐፊው የሜሪላንድን ቀለም ከቨርጂኒያና ከዌስት ቨርጂኒያ ጋር እያነጻጸሩ «ሰው ሠራሽ መስመር ተሻግሮ በሽታው ይቀየራል እንዴ?» ብለው ጠይቀዋል። ጥሩ ጥያቄ ነበር፣ መልሱን ሳይጠብቁ ሄዱ እንጂ። ቀለሙ አንዱን ግዛት ከሌላው ጋር አያነጻጽርም። እያንዳንዱን ግዛት የሚያነጻጽረው ፍሉ በሌለበት ጊዜ ከነበረው ከራሱ ልማድ ጋር ነው፤ በ13 ደረጃዎች። በአንዱ ግዛት መረጃ የሚሰጡት ብዙዎቹ የሕፃናት ሐኪሞች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሕፃናት ደግሞ ሁልጊዜ ትኩሳትና ሳል አያጣቸውም። በሌላው የአዋቂዎች ክሊኒኮች ይበዛሉ። ሁለቱን መቶኛ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር አይቻልም፤ ሲዲሲም ራሱ አታወዳድሩ ይላል። በሲዲሲ ሪፖርት «ክልል 3» የሚባለው ደግሞ እኛን ከፔንስልቬንያ፣ ከዴላዌርና ከዌስት ቨርጂኒያ ጋር አንድ ላይ ያስቀምጠናል። የክልሉ አማካይ ልከኛ ሆኖ እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ያለ አንድ ሕንፃ በፍሉ ሊታመስ ይችላል።

«ከባድ» የሚለው ቃል የጋዜጠኞች ነው የሚል አንድ መስመርም አለ። አይደለም፤ ከ2017 ጀምሮ መስፈሪያ አለው። ስፔን ውስጥ ባሉ ተመራማሪዎች ከተቀመረ ዘዴ የተወሰደ ነው። ያለፉት ወቅቶች ጫፎች ይወሰዱና ሦስት እርከኖች ይሰመራሉ፤ የመጀመሪያውን ከሁለት ወቅት አንዱ፣ ሁለተኛውን ከአሥር አንዱ፣ ሦስተኛውን ከሃምሳ አንዱ ብቻ ያልፈዋል ተብሎ የሚጠበቅ። አንድ ወቅት «ከባድ» የሚባለው ከሦስቱ መስኮቶች ቢያንስ ሁለቱ ሁለተኛውን እርከን ሲያልፉ ነው፤ አንድ መስኮት ብቻውን አይበቃም። ፍርዱም ለሕፃናት፣ ለአዋቂዎችና ለአረጋውያን ለየብቻ ይሰጣል። በዚህ መስፈሪያ 2017–18 በሦስቱም ዕድሜ ከባድ ተብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ስድስት ወቅቶች እንዲህ ያለ አልመጣም። ቀጥሎ የመጣው 2024–25 ነው። ጸሐፊው «በየዓመቱ አለ» ያሉት ወቅት በሰባት ዓመት አንዴ የታየው ነው።

አሁን ዋናው ነጥብ ላይ ደረስኩ፤ እናቴን ያስጨነቃትም ይኸው ነው። ጸሐፊው 2017–18ን ያነሡና እንዲህ ይላሉ፦ መጀመሪያ 80,000 ሰው ሞተ ተባለ፣ ኋላ 61,000 ተባለ፣ ዛሬ 52,000 ይላል፤ ሟች እንዴት ከመቃብር ይመለሳል?

ሦስቱም ቁጥሮች በየጊዜያቸው ተሰጥተዋል፤ ይህን አልክድም። ግን ቁጥሩ እንዴት እንደሚሠራ ይታይ። የአዋቂ የፍሉ ሞት በአሜሪካ አንድ በአንድ ለመንግሥት የሚነገር አይደለም። የምስክር ወረቀቱም አይናገረውም። ቅድም የነገርኳችሁ የ88 ዓመት እናት ሆስፒታል ከገቡ በዘጠነኛው ቀን አረፉ። ወረቀታቸው ላይ የተጻፈው የልብ ድካም ነው። ውሸት አይደለም፣ ልባቸው ነው የቆመው። ግን ያን ጠዋት ኦትሚላቸውን ያስተዋቸው ልባቸው አልነበረም። ወረቀት ብቻ ቢቆጠር እሳቸው በፍሉ አልሞቱም፤ እንደ እሳቸው ያሉ ስንት ሺህ ሰዎችም እንዲሁ።

ስለዚህ ሌላ መንገድ ይኬዳል። ሆስፒታል ውስጥ በፍሉ መያዛቸው ተረጋግጦ የሞቱት ይቆጠራሉ። ከዚያ ይጠየቃል፦ ሆስፒታል ከገቡት ውስጥ ስንቶቹ ጭራሽ አልተመረመሩም? ምርመራውስ ስንቱን ያመልጠዋል? ባልተመረመሩት ልክ ቁጥሩ ከፍ ይደረጋል፤ ከሆስፒታል ውጭ የሞቱትም ይታከላሉ። አሁን ቁልፉ ነገር፦ በዚያ ዓመት ስንት በሽተኛ እንደተመረመረ የሚያሳየው መረጃ ተሟልቶ የሚደርሰው ከብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እስኪደርስ የቀደሙት ዓመታት የምርመራ ልማድ ይወሰዳል። በ2017–18 ሐኪሞች ከቀድሞው አብልጠው ይመረምሩ ነበር። የተመረመረው ሰው ሲበዛ «ሳይመረመር ያመለጠ» ተብሎ የሚታከለው ያንሳል፤ ስለዚህ ግምቱ ወረደ። ማንም ከመቃብር አልተመለሰም። የተለወጠው ያላየነውን ለመተካት የያዝነው ግምት ነው።

እኔን የሚገርመኝ ጸሐፊው ይህን የማታለል ማስረጃ ማድረጋቸው ነው። ሊያስፈራራ የፈለገ ሰው 80,000ን ይዞ ይቀመጥ ነበር። ወደ ታች አርሞ፣ አርሜያለሁ ብሎ የጻፈን ሰው በምን ልንጠረጥረው ነው? ደግሞም ተስተካክሎ የቀረው 52,000 በአንድ ወቅት፣ በአንድ አገር፣ የሞተ ሰው ነው።

ግምት ከቆጠራ ያንሳል የሚለውም እንደ ቦታው ነው። በ1847 ለንደን ፍሉ ሲገባባት ዊልያም ፋር የተባሉ የስታቲስቲክስ ሰው በሽታው በስሙ ያልተጻፈባቸውን ሞቶች ያወቁት ሌላ ጊዜ በዚያው ወራት ከሚሞተው ሰው ምን ያህል እንደበለጠ በማየት ነው። የአዲስ አበባውንም የኅዳር በሽታ የቆጠረ መሥሪያ ቤት አልነበረም። ስለ ብዛቱ የምናውቀው ሁሉ ግምት ነው። ማን ነው ታዲያ ስላልተቆጠረ አልነበረም የሚለው?

ግምት የማይነካው አንድ ቁጥር ደግሞ አለ፤ ጸሐፊው ሳይነኩት አለፉ። የሕፃናት ሞት ከ2004 ጀምሮ አንድ በአንድ፣ በምርመራ ተረጋግጦ ይመዘገባል። በ2025 ሴፕቴምበር በታተመው የሲዲሲ ቆጠራ መሠረት በ2024–25 ወቅት 280 ሕፃናትና ልጆች በፍሉ ሞተዋል። በዚያ ቆጠራ ምዝገባው ከተጀመረ ወዲህ ከዚህ የበለጠው ወቅት የ2009–10ሩ ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብቻ ነበር፤ ያኔ 288 ነበሩ። ይህ አሃዝ በቀመር አልተሠራም። 280 ስም አለው።

«የሞቱት ሌላ በሽታ ነበረባቸው» ለሚለው መልስ ለመስጠት እጄ ይከብደኛል፤ ግን መመለስ አለበት። ከእነዚያ ልጆች ግማሽ ግድም የሚሆኑት ከፍሉ በፊት የታወቀ ምንም ሕመም አልነበረባቸውም። ጤነኛ ነበሩ። ክትባት መውሰድ የሚችሉ ሆነው የክትባት ታሪካቸው ከታወቀው ውስጥ ደግሞ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ሙሉ ክትባት አልወሰዱም።

አዋቂዎቹስ? አዎ፣ ስኳር ነበረባቸው፣ ግፊት ነበረባቸው፣ ልብ ነበረባቸው። እስኪ ከሃምሳ ዓመት በላይ ከሆኑ ዘመዶቻችን ውስጥ ስኳርም ግፊትም የሌለበትን ቁጠሩልኝ። በ2018 ታትሞ የወጣ የካናዳ ኦንታሪዮ ጥናት ፍሉ በምርመራ ከተረጋገጠበት ቀን አንሥቶ ባሉት ሰባት ቀናት ሰው በድንገተኛ የልብ ጥቃት (ሃርት አታክ) የመያዙ ዕድል ከሌላው ጊዜ ስድስት እጥፍ እንደሚሆን አሳይቷል። ልብ ያለበት ሰው በልቡ ይሞታል፤ ያን ሳምንት ልቡን የገፋው ማን እንደሆነ ነው ጥያቄው። ከስኳራቸው ጋር ሃያ ዓመት የኖሩ አባት በአራት ቀን ውስጥ ቢሞቱ ስኳሩን ብቻ መውቀስ ምን ዓይነት ፍርድ ነው? እኔ በሥራዬ የማያቸው ሰዎች ሁሉ «ሌላ በሽታ ያለባቸው» ናቸው። እናቴም ናት።

ጸሐፊው ልክ የሆኑበትን ልናገር። «በ15 ዓመት ውስጥ የከፋው» የሚለውን የዜና ርዕስ ተችተዋል። ትችቱ ተገቢ ነው። ያ ርዕስ የተመሠረተው በሐኪም ቤት መቶኛው ላይ ነው፤ ትኩሳትና ሳል ደግሞ የኮቪድም፣ አር.ኤስ.ቪ. የሚባለው ቫይረስም ምልክት ነው፤ መቶኛው የፍሉ ብቻ አይደለም። በዚያ ላይ በ2021 የምልክቱ ትርጉም ተቀይሯል፤ ቀድሞ ከፍሉ ሌላ ምክንያት የታወቀለት ሰው አይካተትም ነበር፣ አሁን ይካተታል። ስለዚህ የ2025ን 7.8 ከ2018ቱ 7.5 ጋር አጠጋግቶ «በለጠ» ማለት ጥንቃቄ ይጠይቃል። እኔም የወቅቱን ክብደት በዚህ መቶኛ ላይ አላስደገፍኩም። የሆስፒታሉ አልጋና የልጆቹ ምዝገባ ይበቁኛል፤ ሁለቱም ፍሉ ለመሆኑ ምርመራ ተደርጎ የተቆጠሩ ናቸው።

የቀረው የስብሰባው ጉዳይ ነው። ገና ጃንዋሪ 7፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 19፤ ሁለቱም የሚውሉት ፍሉ በሚያይልበት ወር ነው። አገር ቤት ጥምቀት በጠራራ ፀሐይ ሜዳ ላይ ነው፤ እዚህ በረዶ ስለሚሆን መስኮቱ በተዘጋ አዳራሽ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ነን። ከእኛ ውስጥ ስንቱ ነው ሌሊቱን አረጋውያን ሲያገላብጥ አድሮ በቀጥታ ወደ ቅዳሴ የሚመጣው? ነርሱ፣ ሲ.ኤን.ኤ. የምንለው የነርስ ረዳቱ፣ የቤት ተንከባካቢው ብዙው የእኛው ሰው ነው። ፍሉ ከኮሪደሩ ወደ አዳራሹ፣ ከአዳራሹ ወደ ኮሪደሩ የሚመላለሰው በእኛ ላይ ተሳፍሮ ነው። ይህን የሚናገር ካርታ የለም።

እኔ አትሰብሰቡ አላልኩም፤ ለጸሐፊውም ለእናቴም የምለው አንድ ነው። እናቴ 71 ዓመቷ ነው፤ ኦክቶበር ላይ ለ65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሚሰጠውን ከፍተኛ መጠን ያለውን ክትባት ወስዳለች። ፈጽሞ አትያዝም ማለት አይደለም፤ ብትያዝ ሆስፒታል የመድረሷ ዕድል ይቀንሳል። ትናንት ደውላ «እንግዲህ ገና ላይ ልሂድ ወይስ ልቅር?» አለችኝ። ሂጂ አልኳት። አጠገብሽ የሚያስል ካለ ሳታፍሪ ቦታ ቀይሪ። እዚያ ላሉት ወዳጆችሽም ትኩሳት ያለበት ሰው ድፎውን ልኮ እሱ ቤቱ ይቅር ብለሽ ንገሪያቸው። አንቺን ደግሞ ትኩሳት ቢጀምርሽ፣ ወይም ምግብ ቢያስጠላሽና ሰውነትሽ ቢዝል፣ ትኩሳት ባይኖርም በዚያው ቀን ደውዪልኝ፤ ሰኞ ይንጋ ብለሽ አትጠብቂ። ታሚፍሉ በደንብ የሚሠራው በ48 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው።